የታካሚዎቼ ሕመም እኔንም ያመኛል፤ ምን ሆኜ ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ነርስ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው ቃጠሎ የደረሰባቸው ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሕፃን ልጅ አለ። ቁስሉ ሲታጠብ እሱ ሲጮህ የኔ እጅ ሽምቅቅ ይላል፣ ሆዴ ይገለባበጣል። ቤት ገብቼም ድምፁ አይለቀኝም። ነባሮቹ “ትለምጂዋለሽ” ይሉኛል። እነሱን ሳይ ግን እፈራለሁ፤ እንደነሱ መደንዘዝ አልፈልግም። አንድ ቪዲዮ ላይ ስለ “መስታወት ነርቭ” ሰማሁ። የኔ ከሰው በዝቶ ይሆን? ወይስ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሽም ብዬ አላምንም። የነገርሽኝ ሁሉ ጤነኛ አንጎል የሚያደርገው ነገር ነው። ግን «ጤነኛ ነሽ፣ አይዞሽ» ብዬ ብሸኝሽ ነገ ዱቲ ላይ ምንም አይጠቅምሽም። ስለዚህ ውስጥሽ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

መንገድ ላይ አንድ ሰው እንቅፋት መትቶት ሲንገዳገድ አስቢ። ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት፣ ሰውየውን ከዚህ በፊት አይታው የማታውቅ፣ «እኔን!» ትላለች። አስባበት አይደለም። ሰውየው ቀና ሳይል ቃሉ ከአፏ ወጥቷል። ልብ በይ፣ «ተጠንቀቅ» አላለችም፤ «አመመህ?» አላለችም። ባንተ ፈንታ እኔን ያድርገኝ ነው ያለችው። አንጎል ውስጥ የሚሆነው ነገርም ከዚህች አንድ ቃል ብዙም አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለንደን ውስጥ ታንያ ሲንገር የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ 16 ጥንዶችን ጠሩ። ሴቷ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ትተኛለች፣ ፍቅረኛዋ አጠገቧ ይቀመጣል። የሁለቱም እጅ ላይ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ተገጥሟል። ሴቷ ፊቱን አታይም፤ በመስታወት የሚታያት የሁለቱ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ምልክት ይበራል። አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ አሁን የእሱ ነው፤ ይኼኛው ቀላል ነው፣ ይኼኛው ያማል።

እሷ ራሷ ስትነዘር አንጎሏ ውስጥ ሕመምን የሚመለከቱ ብዙ ቦታዎች ሠሩ። እሱ ሲነዘርስ? ከነዚያው ቦታዎች የተወሰኑት ዳግም ሠሩ፤ እሷን ግን የነካት ነገር አልነበረም። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጆሮ በላይ፣ አንጎል በተጣጠፈበት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው የኢንሱላ የፊተኛው ክፍል ነው። ሁለተኛው በሁለቱ የአንጎል ክፋዮች መሐል ያለው ሲንጉሌት የሚባለው ቦታ ነው። ሕመሙ «ግራ እጄ ላይ ነው» ብሎ ቦታውን የሚለየው ክፍል ግን ለእሱ ሕመም አልተነሳም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሕመም አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ሁለት ነው። የት ነው፣ ስለታም ነው ወይስ የሚያቃጥል የሚለው አንድ ነገር ነው። «ኧረ በቃ፣ ይቁምልኝ» የሚያሰኘው ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ የተካፈሉት ሁለተኛውን ነው። ሕመሙ የእሱ እጅ ላይ ቀረ፤ ምሬቱ ግን ለሁለት ተከፈለ።

ኢንሱላ ደግሞ የሚገርም ቦታ ነው። ከሆድ፣ ከልብ፣ ከሳንባ የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሚደርሰው እዚያ ነው። ልቤ መታ፣ ሆዴ ተገለበጠ፣ ትንፋሽ አጠረኝ የሚለውን የሚያሳውቅሽ እሱ ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ሥቃይ እዚያ ሲደርስ ሆድሽ ውስጥ ብትሰሚው አይግረምሽ። እኛ «አንጀቴን በላው» የምንለው ዝም ብለን አይደለም። ፈረንጅ ልቤ ተሰበረ ይላል፤ በዚህ ጉዳይ አንጀትን የመረጠው አማርኛ ለእውነቱ ሳይቀርብ አይቀርም። (የአማርኛ አስተማሪዬ ይህን ቢያነብ ደስ ይለው ነበር።)

እጄ ሽምቅቅ ይላል ያልሽውስ? እሱም ተለክቷል። በ2005 ሮም ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ሰዎች ቪዲዮ ያያሉ፤ በሌላ ሰው እጅ ጡንቻ ውስጥ መርፌ ሲገባ። ተመራማሪዎቹ የተመልካቹን አንጎል በማግኔት እየነኩ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚመልስ ይለካሉ። መርፌው ሲገባ የተመልካቹ የዚያው ጡንቻ ምላሽ ቀነሰ። መርፌው ቲማቲም ውስጥ ሲገባ ግን አልቀነሰም። አካልሽ የተወጋው ራሱ እንደሆነ ያህል ሰብሰብ ይላል ማለት ነው። አንቺ ልጁ አጠገብ ቆመሽ የሚሰማሽ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ እንምጣ። ቪዲዮው ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን፣ ፓርማ ከተማ ውስጥ ጃኮሞ ሪዞላቲና ባልደረቦቹ የዝንጀሮ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ነጠላ ሴሎችን ያዳምጡ ነበር። ዝንጀሮው አንድ ነገር አንስቶ ሲይዝ የሚተኩስ ሴል አገኙ። ያው ሴል ተመራማሪው ዕቃውን ሲያነሳ ዝንጀሮው ቁጭ ብሎ ቢያይም ተኮሰ። ትልቅ ግኝት ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ስለ እንቅስቃሴ ነው፣ ስለ ማንሳትና ስለ መያዝ። ከዚያ በኋላ ወሬው እግር አወጣ። ርኅራኄም በእሱ፣ ቋንቋም በእሱ፣ ኦቲዝምም በእሱ ጉድለት ተባለ። ይኼ ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። «የኔ መስታወት ነርቭ በዝቷል» የሚል ምርመራ የለም፤ ልመረምርልሽ ነው የሚልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ያዢ።

ከመስታወት ይልቅ ለአንቺ ጥያቄ የሚቀርበው ሌላ ነገር ነው። በ1999 ቶሮንቶ የሚገኙ ሐኪሞች ለሕክምና ብለው አንጎላቸው በተከፈተ፣ ነቅተው በነበሩ ሰዎች ሲንጉሌት ውስጥ ነጠላ ሴሎችን ቀዱ። ታካሚው በመርፌ ጫፍ ሲነካ የሚተኩስ ሴል ነበር። መርማሪው የራሱን ጣት ሲወጋ ታካሚው ቢያይም ያው ሴል ተኮሰ። አንድ ሴል ለሁለት ሰው ማለት ነው።

ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የቪየናው ሥራ ነው። ክላውስ ላም የሚመራው ቡድን በ2015 ለሰዎች ክኒን ሰጠ። «ውድ ማስታገሻ ነው» አሏቸው፤ ውስጡ ግን መድኃኒት የለውም። እንደተጠበቀው የራሳቸው ሕመም ቀነሰ። የሚገርመው፣ ለሌላ ሰው ሕመም ያላቸው ስሜትም አብሮ ቀነሰ። ከዚያ ያንኑ ክኒን ለወሰደ ሌላ ቡድን የሰውነትን የራሱን ማስታገሻ የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጡ ሁለቱም ወደነበሩበት ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የወሰዱ ተማሪዎች ስለሌላ ሰው ሥቃይ ሲያነቡ ከሌሎቹ ያነሰ ሥቃይ ገመቱ። ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል! ይህን ያነሳሁት ለራስ ምታት እንዳትውጪ አይደለም። የራስሽ ሕመምና የልጁ ሕመም አንጎልሽ ውስጥ ምን ያህል ጎረቤት እንደሆኑ እንድታይ ነው። አጥር እንኳ በደንብ የላቸውም።

ግን መሰማት ብቻውን መረዳት አይደለም። አራስ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ። አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ሕፃናቱ አዘኑለት ማለት አይደለም፤ ጩኸቱ ተጋባባቸው ነው። ለመረዳት አንጎል ሌላ ሥራ መሥራት አለበት። ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ ናቸው። ልጃቸው ራስጌያቸው ቆሟል። «እንዴት ነዎት አባቴ?» ስትያቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ልጁ ወጣ ሲል እንደገና ትጠይቂያለሽ፤ ያኔ እውነቱን ይነግሩሻል። ልጁ እንዲመስለው የፈለጉትን፣ እሳቸው የሚያውቁትንና ለምን እንደደበቁት ባንዴ ይዘሽ ነው እንደገና የጠየቅሻቸው። ይህን የሚሠራው ከቀኝ ጆሮሽ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለው አካባቢ ነው። ሪቤካ ሳክስ የምትባል ተመራማሪ ከ2003 ጀምሮ ስለሱ ብዙ ሠርታለች። የሌላ ሰው እምነት ከእኛ እውቀት ሊለይ እንደሚችል ልጆች በደንብ የሚገባቸው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው።

ሁለቱ መንገዶች ሊለያዩም ይችላሉ። አታላይ ሰው ምን እንደምታስቢ ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንጀቱን ግን አይበላውም። ወሬኛ ጎረቤትም እንደዚያው።

ሲለያዩ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያሳውቅ ዝርዝር ለውጬ ነው የምነግርሽ። አንዲት ሴትዮ ባላቸውን ይዘው መጡ። ሰውየው በአምሳዎቹ ውስጥ ያለ ነጋዴ ነው። ማስታወሱ ደህና ነው፤ ዋጋ አይረሳም፣ መንገድ አይጠፋውም። «ታዲያ ምን ሆኑ?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ዝም ብለው እጃቸውን አሳዩኝ። ከአምባር በላይ ያለው ቆዳ ተልጧል። እንጀራ ሲጋግሩ አከንባሎውን ሲያነሱ እንፋሎቱ መታቸው። ጮኹ። ባልየው ወጥ ቤት ገባ፣ አያቸው፣ «እንጀራው ደርሷል?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ሰው በፊት ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲደረስ ከቤተ ዘመድ በላይ የሚያለቅስ ነበር። ምስሉ ሲነሳ የአንጎሉ የፊት ክፍልና የቀኝ ጎኑ ጫፍ ኮስሶ ነበር። ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያ ይባላል፤ ለሰው የማዘን ስሜት መጥፋት ከመለያ ምልክቶቹ አንዱ ነው። ሳስረዳቸው ሴትዮዋ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ። «ጠልቶኝ አይደለም ማለት ነው?»

አይደለም አልኳቸው።

አንቺ «በዝቶብኛል» ያልሽውን ነገር ያ ሰውዬ ማጣቱ ነበር በሽታው።

አሁን ወደ ነባሮቹ። የታይዋን ተመራማሪዎች በ2007 በመርፌ የሚያክሙ (አኩፓንክቸር የሚሠሩ) ሐኪሞችንና ተራ ሰዎችን አወዳደሩ። ሁለቱም ቡድኖች በሰው አካል መርፌ ሲገባ ያያሉ። ተራዎቹ ኢንሱላቸውና ሲንጉሌታቸው ሠራ። ሐኪሞቹ ዘንድ እነዚያ ቦታዎች ጸጥ አሉ፤ በምትኩ ራስን የሚገዛው የፊት ክፍልና ያ ከጆሮ በላይ ያለው የመረዳት ቦታ ሠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአንጎል ሞገድ ሲለካ ልዩነቱ የሚጀምረው ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ገደማ ላይ እንደሆነ ታየ። ሐኪሙ ልጨክን ብሎ ከመወሰኑ በፊት ማለት ነው።

ስለዚህ «ትለምጂዋለሽ» ውሸት አይደለም። ነባሮቹም ድንጋይ አልሆኑም፤ ሥራው መንገድ ቀይሮ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ፍርሃትሽም መሠረት የለሽ አይደለም። እነዚያ ሐኪሞች ሕመሙንም ዝቅ አድርገው ነበር የገመቱት። ጤና ባለሙያዎች የታካሚን ሕመም አሳንሰው እንደሚያዩ በተደጋጋሚ ታይቷል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለእኛም ይሠራል። አደጋው ጨካኝ መሆንሽ አይደለም፤ «ያን ያህል አያምም» ማለት መጀመርሽ ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ስሜት አይደለም፣ ጥያቄ ነው። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ያሉሽን ጻፊ፤ በቁጥሩ እመኚ። ልጁ ቁጥር ካላወቀ የሚስቅና የሚያለቅስ ፊት ያለበትን ሥዕል አሳዪው። ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት ማስታገሻው በሰዓቱ መሰጠቱን ተከታተዪ። ካልተሰጠ ተናገሪ፤ ተጨቃጨቂ። የተሰማሽ ነገር ሁሉ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው እዚህ ጋ ነው።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ገና ተለማማጅ ሳለሁ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከጀርባዋ ፈሳሽ እንድወስድ ታዘዝኩ። መርፌውን ስይዝ የኔ ወገብ ቀዘቀዘ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሳትኩ። ሁለተኛም ሳትኩ። ልጅቷ ትጮኻለች፤ እኔ ውስጤ እየተነፋረቅኩ ነው። ያኔ እጅግ አዛኝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷን አጥፋ የያዘቻት አንዲት ነባር ሲስተር ነበረች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። በሆዴ «ይቺ ሴትዮ ልብ የላትም» አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በልጅቷ ጆሮ ማውራት ጀመረች። «አይዞሽ የኔ እናት። ቤታችሁ ዶሮ አለ? ስንት ናቸው? ስማቸውስ?» አንድ እጇ ማጅራቷን እያሻሸ ነው። ልጅቷ እየተንሰቀሰቀች የዶሮዎቹን ስም መቁጠር ያዘች። ወገቧ ላላ። ሦስተኛው ገባ።

የእኔ «እኔን!» ነበር፣ የእሷ «አይዞሽ»። «እኔን» ስትይ ትኩረቱ ወደ አንቺ ይዞራል፤ የሚያመው ሰው ሁለት ይሆናል። «አይዞሽ» ግን ወደ ታማሚው ይሄዳል። እኔ ይህን በቅጡ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ ጥናት ሳነብ ነው።

ያችው ታንያ ሲንገር ኦልጋ ክሊሜኪ ከምትባል ተመራማሪ ጋር ሆና ሰዎችን አሠለጠነች። ውጤቱ በ2014 ታተመ። መጀመሪያ የሌላውን ሥቃይ አብረው እንዲሰማቸው ተለማመዱ። ከዚያ የሰው መከራ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲያዩ ኢንሱላቸውና ሲንጉሌታቸው ይበልጥ ሠራ፤ ስሜታቸውም ከፋ። ቀጥሎ ሌላ ልምምድ ተሰጣቸው። ለተቸገረው ሰው መልካም መመኘት፣ ደህና እንዲሆን መፈለግ፤ በእኛ አነጋገር መመረቅ በይው። ያኔ ያው ዓይነት ቪዲዮ እየታየ የከፋው ስሜት ወረደ፤ ሞቅ ያለ ስሜት ጨመረ። አንጎል ውስጥም የሠሩት ሌሎች ቦታዎች ናቸው፤ እናት ልጇን ስታይ ከሚነሱት ጋር የሚቀራረቡ። መከራው አልቀነሰም፣ ያዩትም ያንኑ ነው። የዞረው ወዴት እንደሚያዩ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የልጁ ቁስል ሲታጠብ ሆድሽ ከተገለበጠ አትታገዪው። ይገለበጥ። «ይኼ የኔ ሆድ ነው፣ እጁ ግን የእሱ ነው» በይ በሆድሽ። ሁለቱን መለየት አንጎልሽ የሚችለው ሥራ ነው፤ ትንሽ ጊዜ ስጪው። ወዲያው አንድ የምትሠሪለት ነገር ፈልጊ። የምታጥቢው አንቺ ካልሆንሽ ጭንቅላቱን ያዢለት፤ ስለ ኳስ ጠይቂው፤ «አሁን ሦስት ስቆጥር እናቆማለን» በይውና ስትቆጥሪ በእውነት አስቁሚ። ቤት ስትገቢ ድምፁ ከመጣ ሥቃዩን ደግመሽ ደጋግመሽ አትመልከቺ፤ መርቂው። ጸሎት የምታደርጊ ከሆነ ስሙን ጥሪ፤ የማታደርጊ ከሆነም «ነገ ትንሽ ይቅለልህ» ማለት ይበቃል። ቀልድ አይደለም፤ ከላይ የነገርኩሽ ልምምድ ከዚህ ብዙም አይለይም።

እንቅልፍ ለሳምንታት እንቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም ክፍሉ በር ላይ ስትደርሺ እግርሽ አልሄድ ካለ ግን ይህ ከኔ ምላሽ በላይ ነው። የሥነ አእምሮ ባለሙያ አነጋግሪ፤ ኃላፊሽንም ለጊዜው ሌላ ክፍል ጠይቂ። ቃጠሎ ክፍል ከባድ ነው። ነባሮቹም በተራቸው ሌላ ክፍል ይለምኑ እንደነበር ብትጠይቂያቸው ይነግሩሻል።

ያቺን ሲስተር ከዚያ ቀን በኋላ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ቡና ይዛ ከሌሎቹ ጋር እየሳቀች ነበር። ያኔ አስከፍቶኝ አልፌያት ሄድኩ። ማታ ላይ ልጅቷ እንዴት እንደሆነች ለማየት ስገባ ግን ቀድማኝ ገብታለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ዶሮዎቹ እያወሩ ነው።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ፤ የልጁንም ነገር ንገሪኝ።